ምራቅ ለኬዝ፣ ምራቅ ለጥናት



ብዙዎቻችን ዲ ኤን ኤ የሚለውን ቃል ያወቅነው ከባዮሎጂ መጽሐፍ ሳይሆን ከኬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ቤተሰብ ለመቀላቀል ባመለከቱ ስደተኞች ላይ ናይሮቢ ውስጥ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ጀመረች። መጀመሪያ የተመረመሩት ወደ 500 ሰዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ሶማሌና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ምርመራው ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ሰፋ። ዝምድናው በሙሉ የተረጋገጠው ከ100 ኬዝ ከ20 ባነሰው ብቻ ነው ተብሎ ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ቆመ። እንደገና የተከፈተው በ2012 ሲሆን ያኔ ምርመራው ግዴታ ሆነ። የሟች እህቱን ልጅ "ልጄ" ብሎ ያሳደገ ሰው በማሽን ፊት ውሸታም ሆኖ መቅረቱን ማን ይረሳዋል?

ስለዚህ "ለፓርኪንሰን በሽታ ጥናት ምራቅ ወይም ደም ስጡ" ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "ኬዜን ይነካዋል?" የሚል ቢሆን አይገርመንም። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኬዙ ምርመራ ስምህን ይዞ ያንተን ዝምድና ይፈትሻል። የጥናቱ ናሙና ግን ስሙ ተነሥቶ በቁጥር ይለወጣል። የሚፈለገውም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ለማነጻጸር ነው።

በሽታውን አይተነዋል፣ ስሙን ነው የማናውቀው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሳይጀመር፣ ካላክላ ስናስተምር፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ቡና ሻጭ እናት ካሉ "ስኳር ነው"፣ "ቡዳ ነው"፣ "ሐሳብ በዛባቸው" ይባል ነበር። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ግን የራሱ ጠባይ አለው፦ እጅ ጭን ላይ ሲያርፍ ይብሳል፣ ስኒ ለማንሳት ሲዘረጋ ጋብ ይላል። አረማመድ ያጥራል፣ ፊት ስሜት አልባ ይመስላል፣ የእጅ ጽሑፍም እያነሰ ይሄዳል። ምክንያቱ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሶች እየሞቱ መሄዳቸው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን የጻፈው በ1817 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከበሽታው ጋር ይኖሩ ነበር።

ታዲያ ምራቃችን ምን ያደርጋል? በአብዛኛው በሽተኛ ዘንድ በሽታው በቀጥታ ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም። ሆኖም አንዳንድ ጂኖች አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ። እነዚህን ጂኖች ለማወቅ ለብዙ ዓመታት የተመረመሩት በአብዛኛው አውሮፓውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሚኤ ሪዚግ፣ የሌጎሷ ንጂዴካ ኦኩባዴጆና ባልደረቦቻቸው ዘራቸው ከአፍሪካ የሆኑ 1,488 በሽተኞችን ከ196,430 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው ያወጡት ውጤት ግን አዲስ ነገር አሳየ። ጂ ቢ ኤ 1 የሚባል ጂን አለ፣ ሥራው በሕዋስ ውስጥ የሚከማቸውን ቆሻሻ የሚያጸዳ ኢንዛይም ማስገኘት ነው። በዚህ ጂን ላይ በአውሮፓውያን ዘንድ የሌለ ሊባል የሚችል ለውጥ ተገኘ። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው አደጋው ወደ 1.5 እጥፍ፣ ከሁለቱም የወረሰ ወደ 3.5 እጥፍ ይሆናል። አውሮፓውያንን ብቻ እያጠኑ ቢቀጥሉ ኖሮ ይህ ለውጥ ተደብቆ በቀረ ነበር።

አፍሪካ ደግሞ አንድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2006 በሰሜን አፍሪካ ዓረቦች ላይ በተደረገ ጥናት ከ10 በሽተኞች ወደ 4 የሚሆኑት ኤል አር አር ኬ 2 በተባለ ጂን ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ ነበራቸው። ናይጄሪያ ውስጥ ተፈልጎ ግን አልተገኘም። የ2023ቱም ጥናት በዋናነት ናይጄሪያውያንንና ዘራቸው ከአፍሪካ የሆኑ አሜሪካውያንን የያዘ ነው። የቀንዱ ሰው ከሌለበት ደግሞ ስለ ቀንዱ ሰው ብዙ ሊናገር አይችልም። ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ጋና፣ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ የፓርኪንሰን ሕክምናን ለማሻሻል በጋራ በሚካሄድ ጥናት ውስጥ ገብተዋል፤ ሱዳን ግን ከሰባቱ ውስጥ የለችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። "የዘር ጥናት" ሲባል ብሔር የሚጣራ የሚመስለው ሰው አለ፣ በኛ አገር ሁኔታ አይፈረድበትም። እኛ "ዘረ-መል" ማለቱን እንመርጣለን። ወላጆችህ ከየት እንደመጡ መጠየቁ አይቀርም፣ ግን ለንጽጽር ነው። ጤነኛ ሰውም ይፈለጋል። ጤነኛው ከሌለ በሽተኛው ከማን ጋር ይነጻጸራል?

እሺ ከማለት በፊት ግን ይጠየቅ፦ ናሙናው የት አገር ይሄዳል? ስንት ዓመት ይቀመጣል? ለሌላ በሽታ ጥናትም ይውላል? ብዙ ጊዜ የግል ውጤት ለሰጪው አይነገርም፣ ይህም በግልጽ ይነገረን። ሐሳብን መቀየርም መብት ነው፣ ነገር ግን መረጃው ለሌሎች ተመራማሪዎች ከተሰራጨ በኋላ መልሶ መሰብሰብ ያስቸግራል። እምቢ ያለ ሰው ራሽኑ፣ ሕክምናውም ሆነ ኬዙ ሊነካበት አይገባም። "ከሰጣችሁ ሪሴትልመንት ይፋጠናል" የሚል ካለ ጥናቱን ሳይሆን እናንተን ፈልጎ ነው።

ናሙና የሰጠ ሰው በማግስቱ አይድንም። ጥናቱ የሚጠቅመው ምናልባት የልጅ ልጅን ነው። የዛሬው በሽተኛ የሚፈልገው ሌቮዶፓ የተባለውን መድኃኒት ነው፣ እሱም የበሽታውን ምልክት ያቀላል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ካላክላ ጠዋት ጠዋት የምንበላው ፉል የሚሠራበት ባቄላም ሌቮዶፓ ያለበት ተክል ነው። መጠኑ ግን ከባቄላ ባቄላ ስለሚለያይ ፉል በላሁ ብሎ ክኒን መተው አደጋ ነው።

እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የፈቃድ ወረቀት ላይ ፊርማ ሊያቅተው ይችላል። አውራ ጣቱን ያሳርፋል፣ ምስክር ይጠራል። ምስክር ተብሎ የሚጠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ብቻ ከሆነ በሰውየው ቋንቋ እስኪነበብለትና የገባውን በራሱ አፍ መልሶ እስኪናገር ድረስ መምህሩም አይፈርም።