ጣዕሙ የለዘበ መጠጥ እንዴት ይዳኛል? ስለ ርካሹ የካናዳ ላገር ቢራ ቅምሻና ምዘና

የካናዳን የቢራ ገበያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይዞ የቆየው መጠጥ ቀለሙ ገለባ የመሰለ፣ የአልኮል መጠኑ በአመዛኙ 5 በመቶ የሆነ፣ ምሬቱ እምብዛም የማይሰማና በጣም ቀዝቅዞ የሚጠጣ ላገር ነው። ስለ ቢራ የሚጽፉ ሰዎች ግን ይህን መጠጥ ወይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንቀው ያልፉታል፣ ወይም ጭራሹን ለቅምሻ አያቀርቡትም። ንቀት የቱንም ያህል ቢለመድ ምዘና አይሆንም። አንድ መጠጥ ሆን ተብሎ ጣዕሙ እንዲለዝብ ሲሠራ ልዝብነቱን እንደ ጉድለት ልንቆጥርበት ይገባል ወይስ እንደ ተሳካ ዓላማ? የምግብ ጥራትን በሰው ምላስና አፍንጫ ለሚመዝን ተመራማሪ ይህ ጥያቄ ከቢራ አልፎ የሚሄድ ነው። ርካሽ ዘይት፣ የፋብሪካ ዳቦና የታሸገ ወተት የሚመዝን ሰውም ይኸው ጥያቄ ይገጥመዋል።

የመጠጡን ጠባይ ለመረዳት ገበያውን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞልሰን በሞንትሪያል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1786፣ ላባት ደግሞ በኦንታሪዮዋ ለንደን ከተማ በ1847 ነው። ዛሬ ላባት ብሉ የሚባለው ቢራ በ1951 «ፒልስነር» በሚል ስም የወጣ ሲሆን፣ ሞልሰን ካኔዲያን በ1959 ተከተለው። ክፍላተ ሀገሩ በየራሳቸው ሕግ ሌላ ክፍለ ሀገር የተጠመቀ ቢራ እንደ ልብ እንዳይገባ ይከለክሉ ስለነበር፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየክፍለ ሀገሩ ፋብሪካ ማቆም ግድ ሆነባቸው። በዚህም ምክንያት አንድ ስም የያዘ ቢራ ውሃውና አየሩ በሚለያይ ብዙ ፋብሪካ ተጠምቆ አንድ ዓይነት ጣዕም እንዲኖረው ይጠበቅበት ነበር። የዚህ ቢራ ጠማቂ ዋና ሙያ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ብዙ ቀማሾች ግን አያዩለትም።

የርካሽነቱ ታሪክ ይበልጥ የቅርብ ጊዜ ነው። በሃሚልተን ከተማ የነበረው ሌክፖርት የተባለ ጠማቂ 24 ጠርሙስ በ24 ዶላር በመሸጥ ታወቀ፤ በ2007 ላባት ገዛው። የኦንታሪዮ መንግሥት በ2008 የአንዱን ጠርሙስ ዝቅተኛ ዋጋ ከፍ አደረገ፤ በ2018 ደግሞ የአልኮል መጠኑ ከ5.6 በመቶ በታች ለሆነ ቢራ መልሶ ወደ 1 ዶላር አወረደው። ዋጋውን እስከዚያ ዝቅ ያደረጉት ጠማቂዎች ጥቂት ነበሩ። ለቀማሽ ግን ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ «አንድ ዶላር» የሚለው ቃል ገና ከመቅመሱ በፊት አእምሮው ውስጥ ፍርድ ያስቀምጣል። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የገብስ ብቅል ከበቆሎ ጋር ወይም ከበቆሎ በተሠራ ሽሮፕ ጋር ይቀላቀላል። በሰሜን አሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ፕሮቲኑ የበዛ፣ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞቹም የበረቱ በመሆናቸው፣ ከራሱ አልፎ የሌላ እህል ስታርች መፍታት ይችላል። በቆሎው ፕሮቲኑንና ቀለሙን ያሳሳል፤ ቢራውም ይፈካል፣ አፍ ውስጥም ይቀላል። በቆሎ የሚጨመረው ወጪ ለመቀነስ ብቻ ነው የሚለው ወቀሳ ሙሉ እውነት አይደለም፤ ያልተዘጋጀ የበቆሎ ስታርች ለብቻው መቀቀል ስላለበት ተጨማሪ መሣሪያና ነዳጅ ይጠይቃል። ሌላው ዘዴ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ጠላ ጠማቂ ድፍድፉን አወፍራ ኋላ በውሃ እንደምትበጠብጠው ሁሉ፣ ትልልቅ ፋብሪካዎችም ቢራውን አጠንክረው ካፈሉ በኋላ ኦክስጅኑ በወጣለት ውሃ ወደሚፈለገው የአልኮል መጠን ያወርዱታል። እርሾው በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራው ሳካሮማይሲስ ፓስቶሪያነስ ነው። ምሬቱን የሚሰጠው ሆፕ ከጌሾ ጋር በአገልግሎት ቢመሳሰልም የተለየ ተክል ነው፤ የሚፈለገውም ቅጠሉ ወይም እንጨቱ ሳይሆን አበባው ነው።

ለዳኝነት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው የአሜሪካው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም ያወጣው ቅጽ ነው። ቅጹ ከ50 ነጥብ ለመዓዛ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10 ይመድባል። የካናዳው ርካሽ ላገር የሚዳኘው «የአሜሪካ ላገር» በሚባለው ምድብ ሥር ሲሆን፣ ምድቡ ምሬቱን በዓለም አቀፉ የምሬት መለኪያ ከ8 እስከ 18፣ አልኮሉን ከ4.2 እስከ 5.3 በመቶ ይወስነዋል። እንግዲህ በዚህ ቅጽ መሠረት መዓዛው ደካማ መሆኑ ነጥብ አያስቀንስም፤ ብርቱ የሆፕ መዓዛ ቢኖረው ነው የሚቀነስበት። ችግሩ ያለው በመጨረሻዎቹ 10 ነጥቦች ላይ ነው። ቀማሹ 40ውን ነጥብ በመመሪያው መሠረት ከሰጠ በኋላ፣ «ይህን ቢራ አልወደውም» የሚለው የግል ስሜቱ በአጠቃላይ ግምት በኩል ሾልኮ ይገባል። በእኔ አስተያየት ለምርምር ሲባል ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ መስፈር የለባቸውም። ከምድቡ ጋር መስማማቱን የሠለጠኑ ቀማሾች፣ መወደዱን ደግሞ ብዛት ያላቸው ተራ ጠጪዎች ለየብቻ ቢመዝኑት ይሻላል።

የለዘበ ቢራ ከጠንካራው ይልቅ ለጠማቂው አስቸጋሪ፣ ለቀማሽ ደግሞ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በጥቁርና በመራራ ቢራ ውስጥ ተሸፍኖ የሚያልፍ ስሕተት እዚህ መደበቂያ የለውም። ዳይአሲቲል በሊትር 0.1 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ የቅቤ ሽታ ይሰጣል። ይህ ውሕድ በፍላቱ ጊዜ የሚፈጠር ሲሆን እርሾው ራሱ ኋላ መልሶ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ቅቤ ቅቤ የሚል ላገር ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ከጋኑ የወጣ ነው። አሲታልዲሃይድ ያልበሰለ ፖም ይሸታል፤ እርሱም በአብዛኛው ያልተጠናቀቀ ፍላት ምልክት ነው። ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተቀቀለ በቆሎ ስለሚሸት ብዙ ጀማሪ ቀማሾች «በቆሎ ስለገባበት ነው» ብለው ይጽፋሉ። ምንጩ ግን በቆሎው ሳይሆን ፈካ ያለው የገብስ ብቅል ነው፤ ብቅሉ ውስጥ ያለው መነሻ ውሕድ በሙቀት ሲፈርስ ይፈጠራል፣ ፍላቱ በቂ ካልሆነ እንፋሎት ሆኖ ሳይወጣ ይቀራል። ቢራው በቆሎ እንዳለበት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አፍንጫው የነገረውን በትክክል ይሰማል፣ ምክንያቱን ግን ይስታል። አነስተኛ መጠኑ በዚህ ምድብ እንደ ነውር አይቆጠርም።

የቀሩት ሁለቱ እንከኖች ከፋብሪካው ይልቅ ከማከማቻው የሚመጡ ናቸው። ትራንስ-2-ኖነናል በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን እርጥብ ካርቶን ይሸታል፤ በሙቀት ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ቢራ መታወቂያ ነው። ብርሃን የመታው ቢራ ደግሞ ከሆፕ የሚገኙት መራራ ውሕዶች ተሰባብረው ከሰልፈር ጋር ስለሚገናኙ በናኖግራም መጠን እንኳ የሚሰማ መጥፎ ሽታ ያወጣል። ካናዳውያን ይህን ሽታ የሚያመሳስሉት ስከንክ ከሚባለው የአገራቸው ግም እንስሳ ጋር ነው። ቡናማ ጠርሙስ በመጠኑ፣ ቆርቆሮ ደግሞ ፈጽሞ ይከላከለዋል። ስለዚህ አንድን ቢራ በነጭ ጠርሙስና በቆርቆሮ ቀምሶ ሁለት የተለያየ ነጥብ የሰጠ ሰው የመዘነው ዕቃውን ሊሆን ይችላል።

የቅምሻው ሙቀት ከሚታሰበው በላይ ይወስናል። ማስታወቂያዎች «በረዶ የመሰለ» እያሉ የሚያወድሱት ቅዝቃዜ ምላስን ያደነዝዛል፤ መዓዛም ከፈሳሹ እንዳይነሣ ያደርጋል። ለጠጪው ይህ ደስታ ነው፤ ለዳኛው ግን መጋረጃ ነው። መጀመሪያ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ቀጥሎም እስከ 10 ዲግሪ እየሞቀ ሳለ ደጋግሞ መቅመስ ይገባል። ብርጭቆው ቅባትና የሳሙና ርዝራዥ ከቀረበት አረፋው ስለሚከስም፣ ጠማቂው ባላጠፋው ጥፋት በመልክ ነጥብ ይቀጣል።

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ። አሊሰንና ኡል የተባሉ ሁለት አጥኚዎች በ1964 ባሳተሙት ጥናት 326 አሜሪካውያን ቢራ ጠጪዎች መጀመሪያ ስሙ የተነሣለትን፣ ቀጥሎ ስሙ ያለበትን ቢራ በየቤታቸው እንዲጠጡ አደረጉ። ስሙ ሳይታይ ጠጪዎቹ ባጠቃላይ የራሳቸውን ምርጫ ከሌላው መለየት አልቻሉም፤ ስሙ ሲመለስ ግን ነጥቡ ከፍ አለ፣ ለወደዱትም አደሉ። በርካሹ ላገር ላይ ይኸው ነገር ወደ ታች ይሠራል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ስለዚህ ናሙናዎቹ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር እንጂ ስም ሊኖራቸው አይገባም፤ የአቀራረቡም ቅደም ተከተል ከቀማሽ ቀማሽ መለዋወጥ አለበት።

ርካሹና ውዱ ላገር በእርግጥ ይለያዩ እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የሦስትዮሽ ፈተና ነው። ለቀማሹ ሦስት ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ልዩ የሆነውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። በግምት ብቻ የማግኘት ዕድሉ ከሦስት አንድ ስለሆነ፣ ከ24 ቀማሾች 8ቱ ቢያገኙ ምንም አልተረጋገጠም። በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ልዩነት አለ ለማለት ቢያንስ 13ቱ ማግኘት አለባቸው። ይህ ሳይታለፍ «የትኛው ይሻላል» ብሎ መጠየቅ የሌለን ልዩነት መለካት ይሆናል።

ቀማሾቹን የመምረጡ ነገር ደግሞ ለብቻው ጥናት የሚሻ ነው። በወይራ በታጠነ ዕቃ የተጠነሰሰ ጠላ እየቀመሰ ያደገ ሰው የጢስንና የኮምጣጤነትን ደረጃ በረቀቀ መንገድ ይለያል፤ ለላገር ግን «ቀጭን»፣ «ውሃ ውሃ የሚል» ከማለት በቀር ቃል ላያገኝ ይችላል። ቃሉ ስድብ መሆኑ ቀርቶ መግለጫ እንዲሆን በናሙና የተደገፈ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በንጹሕ ላገር ውስጥ ጥቂት ዳይአሲቲል ጨምሮ ከንጹሑ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመስ።

የእኔን ፍርድ ለሚጠይቅ፦ ትኩስ፣ በቆርቆሮ የታሸገና ከእንከን የጠራ ርካሽ የካናዳ ላገር ቅጹ «በጣም ጥሩ» በሚለው ከ30 እስከ 37 ባለው እርከን ውስጥ መግባት ይችላል። መወደዱን በተመለከተ ግን ከሁለት ጉንጭ በኋላ ብርጭቆዬን አስቀምጣለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው በሌላኛው ወረቀት ላይ ነው። ቅምሻውን የሚያዘጋጅ ተማሪ ቆርቆሮውን ከመክፈቱ በፊት የተጻፈበትን ቀን ይመዝግብ፤ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ናሙናዎች በአንድ ገበታ ላይ አያቅርብ።