ያረጀ ቴሌስኮፕ ሁሉ የደከመ አይደለም

ከባቢ አየር ስለሚያስቀረው የጋማ ጨረርን ከመሬት ሆኖ በቀጥታ መልቀም አይቻልም፤ መሣሪያው ወደ ጠፈር መላክ አለበት። ብዙዎች እንዲህ ያለው ቴሌስኮፕ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ይታወራል ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ችኩል ነው፤ ወሳኙ የዓመቱ ቁጥር ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ የሚያልቀው ወይም የሚጎዳው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጠቀው ኤግሬት ጨረሩን የሚይዘው ጋዝ በተሞላ ክፍል ስለነበር ጋዙ ሲያረጅና መተኪያው ሲያልቅ የማየት አቅሙ አብሮ ወረደ። በ2008 የመጠቀው ፌርሚ ግን የጨረሩን መንገድ የሚከታተለው በሲሊከን ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

በጣም የሚደንቀው የአውሮፓው ኢንቴግራል ነው። በ2002 ሲመጥቅ 19 የጀርመኒየም ክሪስታሎች ይዞ ነበር፤ ጉልበትን አጥርተው የሚለኩት ከዜሮ በታች 190 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዘው ነው። የኮስሚክ ጨረር ቅንጣቶች ክሪስታሎቹን እየመቱ አቶሞችን ከቦታቸው ያፈናቅላሉ። በተጎዳው ስፍራ የኤሌክትሪክ ሙል ተይዞ ስለሚቀር፣ ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት የጉልበት መስመር እየሰፋ ወደ ዝቅተኛው በኩል ጅራት ያወጣል። መድኃኒቱ ሙቀት ነበር፦ ሥራው በ2025 እስኪያበቃ ድረስ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ክሪስታሎቹ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይሞቁና በዚያው ይቆዩ ነበር፤ ተመልሰው ሲቀዘቅዙ መስመሩ ከመጀመሪያው ብዙም ሳይርቅ ጠብቦ ይገኝ ነበር።

ሙቀት ግን ሁሉን አያድንም፤ እስከ 2010 ከ19ኙ አራቱ ጨርሰው ከሥራ ወጥተዋል፣ ጉልበት የሚለኩት የፌርሚ ክሪስታሎችም የሚሰጡት ብርሃን በየዓመቱ በጥቂቱ ይቀንሳል ይባላል። እውነት ነው፤ ይሁንና የተለካ ድካም ይታረማል። የኮስሚክ ጨረር ፕሮቶን ክሪስታሉን አቋርጦ ሲያልፍ የሚጥለው ጉልበት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ጉዳት አድራሹ ራሱ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። የሚወቀሰው የኋለኛውን ዓመት መረጃ በፊተኛው ዓመት ማስተካከያ ተርጉሞ «ምንጩ ደበዘዘ» የሚል ቸልተኛ ተጠቃሚ ነው። ደካማ ምንጭ ከዳራው ተለይቶ የሚወጣውም በዓመታት ክምችት ስለሆነ ዕድሜ እንዲያውም ሀብት ነው። ነሐሴ 2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ የወጣውን ፍንዳታ ከፌርሚ ጋር ያየው 15 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ኢንቴግራል ነበር፤ ያየውም ዋናውን መሣሪያ ከውጭ ጨረር በሚከልሉት የጋሻ ክሪስታሎቹ ነው። አደጋው ይልቁንስ ከሚዞረው አካል ይመጣል፦ ኤግሬትን የተሸከመው ሳተላይት ኮምፕተን በ2000 ወደ ባሕር እንዲወድቅ የተደረገው አንድ ጋይሮስኮፕ ስለተበላሸ ነው፤ በ2018 ፌርሚን ለቀናት ሥራ ያስፈታውም የፀሐይ ሰሌዳ ማዞሪያው መቆም ነበር። የቴሌስኮፕን ጡረታ የሚወስን ሰው መጀመሪያ ሞተሩን ይመርምር።