ሰማያዊው ጠብታ

ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲጎተት የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሽንት ፊኛ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። የተጨፈለቀው ሥጋ ደም ያጣና ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ከቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ተልጦ ይወድቅና በቦታው ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንት ሌት ተቀን ይንጠባጠባል። የወሊድ ፊስቱላ ይህ ነው። እርግማን የሚሉት አሉ፤ ነገሩ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ በአሶሳ ዙሪያ ሰዓት የሚለካው በመንገድ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ዓባይ ደግሞ የመተከልን ዞን ከአሶሳና ከካማሺ ዞኖች ይለያል። በጉሙዝ ልማድ ሴት ከቤት ወጥታ ጫካ ውስጥ ብቻዋን ትወልድ ነበር፤ ምጡ ሲከብድ አለሁ የሚላት የለም። በየጤና ጣቢያው ቅጥር የተሠሩት የእናቶች ማቆያ ቤቶች፣ መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ቀድማ መጥታ የምትሰነብትባቸው፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል የበለጠ ፊስቱላ ያስቀራሉ ባይ ነኝ።

በሽታው የእኛ ብቻ አልነበረም። ማሪዮን ሲምስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጥገናውን የተማረው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ፣ በባርነት በተያዙ ሴቶች ገላ ላይ ነው። አናርካ የተባለችውን ያለ ማደንዘዣ 30 ጊዜ ቀዷታል። ስሙ በተነሣ ቁጥር ስሟም ቢነሣ ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ሲምስ ኒውዮርክ ላይ ፊስቱላ የሚታከምበት የሴቶች የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ከፈተ፤ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ድሃ የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ። በቀዶ ጥገና ማዋለድ ሲስፋፋ ፊስቱላ ከዚያ ጠፋ። ሆስፒታሉ ኋላ በተዛወረበት ቦታ ላይ ዛሬ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ቆሟል።

ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን አዲስ አበባ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በነጻ የሚያክመውን የፊስቱላ ሆስፒታል በ1974 ከፈቱ። ታካሚ ሆነው የገቡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳይቆጥሩ ጥገናውን ተክነውበታል። ሆስፒታሉ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ቅርንጫፍ አለው፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ግን የለውም።

ቀዳዳው ትኩስና ትንሽ ከሆነ መቅደድ ላያስፈልግ ይችላል፤ ካቴተር የሚባለው ቱቦ ለሳምንታት ፊኛውን ባዶ ሲያደርገው ሥጋው ራሱ ሊገጥም ይችላል። የቆየው ግን ይሰፋል። ስፌቱ ሲያበቃ ሐኪሙ ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውኃ በቱቦ ወደ ፊኛዋ ይለቃል፤ ከስፌቱ ሥር ያኖረውን ነጭ ፋሻ አንሥቶ ብርሃን ላይ ያየዋል። አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ከታየች ክሩ ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል።