ኬላው ላይ ፍቅር ስንት ይከፍላል?

መኪና ያላችሁም፣ የጓደኛ መኪና ላይ የምትዳበሉም፣ እስቲ ጠጋ በሉ! ቅዳሜ ከሰዓት አዳማ ብቅ ልበል ስትሉ ቀድሞ የሚመጣላችሁ ምንድነው? ሙቀቱ? ጥብሱ? ወይስ የፈጣን መንገዱ ክፍያ?

በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ - አዳማ ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክፍያው እንደ መኪናው ዓይነትና እንደተሄደበት ርቀት ይለያያል። ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን እያቋረጠ የሚሄደው አሮጌው መንገድ ግን ኬላ የለበትም። ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው! ዋጋ ሲጨምር ሰው ሁሉ ጉዞውን እርግፍ አድርጎ አይተውም። አንዱ ወደ አሮጌው ይዞራል፣ ሌላው ሁለት ጉዞውን አንድ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ከጓደኞቹ ጋር በአንድ መኪና ይወጣል። መሥሪያ ቤት የሚከፍልለት ደግሞ ጭማሪውን ልብም አይለው። ባለሙያዎች እንደሚሉት ክፍያ 10 በመቶ ቢጨምር የመኪናው ቁጥር የሚቀንሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ ባነሰ ነው። በነፃ የሚኬድበት ሌላ መንገድ ሲኖር ግን ቅናሹ ከፍ ይላል። ጊዜ በገፋ ቁጥርም እንዲሁ፤ ሰው ልማዱን የሚቀይረው ቀስ ብሎ ነዋ!

ስቶክሆልም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሰባት ወር ሙከራ ወደ መሐል ከተማ በሚገባና በሚወጣ መኪና ላይ ክፍያ ተጣለ። ትራፊኩ በ20 በመቶ ገደማ ወረደ። ክፍያው ሲነሳ አብዛኛው ሰው መኪናውን አስነስቶ ተመለሰ! በ2007 በቋሚነት ሲጀመር እንደገና ቀነሰ።

ወደ እኛው እንምጣ። አንድ ወጣት እንዳጫወተን እጮኛው የምትሠራው አዳማ ነው። በየቅዳሜው በፈጣኑ መንገድ ይከንፍ ነበር። ክፍያው ሲጨምር ወደ አሮጌው ዞረ፤ ከጭነት መኪና ኋላ ሲንፏቀቅ አርፍዶ፣ ተነጫንጮ ይደርሳል። ቀጥሎ ጉዞው በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። እሷም «እኔ ከኬላው ክፍያ አንሼ ነው?» አለችው። አሁን የሰርጉን ቀን ማንሳት አቁማለች።

ወንድማችን፣ ሒሳቡን ሙሉ አድርገው እንጂ! የቆጠብካትን ብር ብቻ አትይ፤ ቆም ቀጥ ስትል የምታቃጥለውን ነዳጅና የሚያልፍብህን ሰዓትም ደምር። ስትሄድ በፈጣኑ፣ ስትመለስ በአሮጌው ማድረግ ይቻላል። ወደዚያው የሚሄድ ባልደረባ ካለህ አሳፍረውና ክፍያውን ተካፈሉ። እሷስ አንዳንዴ በሚኒባስ ብትመጣ ምን አለበት? ዝም ብለህ ግን አትቅርባት። ብሩ ከብዶህ ከሆነ «ከብዶኛል» በላት፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልክ የምታሳብበውን እሷ በሌላ ልትተረጉመው ትችላለች።