የ37 ዓመቱ ተከላካይ ይፈረም ወይስ ይቅር?

አንድ ስፖርተኛ ጫማ መስቀሉን በይፋ ባስታወቀ በአራተኛው ቀን አዲስ ውል ቢፈርም ምን እንላለን? እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2006 ጁንየር ሴያው የተባለው ዝነኛ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች በሳን ዲዬጎ ከተማ ከጨዋታ ዓለም መሰናበቱን ተናገረ። ነገሩን «ጡረታ» ብሎ መጥራት ስላልፈለገ «ምረቃ» አለው። ከአራት ቀን በኋላ ግን ተመራቂው ወደ ክፍል ተመለሰ፤ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ከተባለው ቡድን ጋር ተፈራረመ። ዕድሜው 37 ነበር።

በዚያ ሳምንት ደጋፊዎች ያነሱት ክርክር በየዓመቱ በሌላ ስም የሚደጋገም ነው። ውል የሌለው፣ ልምድ ያካበተ፣ ጉልበቱ ግን የሚያጠራጥር ተጫዋች ይፈረም ወይስ ቦታው ለወጣት ይተው? እኛ በዚህ ጽሑፍ የደጋፊነት ስሜትን ለባለቤቶቹ ትተን፣ ፊዚክስ፣ ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ልቦናና ስታትስቲክስ ስለ ጥያቄው ምን እንደሚሉ እንመለከታለን።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በአብዛኛው የሚያዘውም በእጅ ነው። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። በተከላካዩ ወገን ከፊት ግዙፎቹ ይደረደራሉ፤ ከእነርሱ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ «ላይንባከር» የሚባለው ተጫዋች ይቆማል። ሴያው በዚህ ቦታ ነበር የሚጫወተው። ኳሱ በተነቃነቀ ቅጽበት አጥቂው ሊሮጥ ነው ወይስ ሊወረውር የሚለውን ለይቶ፣ ወደ ትክክለኛው ቦታ ደርሶ፣ ባለ ኳሱን ጠልፎ መጣል ይጠበቅበታል። እንግዲህ ሥራው ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፤ ማንበብን፣ መድረስንና መግጨትን። ዕድሜ ሦስቱን በአንድ ዓይነት መንገድ አይነካቸውም፤ የክርክሩ እንብርትም እዚህ ላይ ነው።

ከመግጨት እንጀምር። የአንድ ተጫዋች የእንቅስቃሴ ጉልበት ከክብደቱና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። 113 ኪሎ ግራም የሚመዝን ላይንባከር በሴኮንድ 7 ሜትር ሲሮጥ የሚይዘው ጉልበት 2770 ጁል ገደማ ነው። ፍጥነቱ ወደ 6.5 ሜትር ቢወርድ ጉልበቱ 2390 ጁል ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ የቀነሰው በ7 በመቶ ብቻ ሲሆን ጉልበቱ ግን በ14 በመቶ ቀነሰ። ዕድሜ ከፍጥነት ላይ የሚወስደው ትንሽ ነገር በግጭቱ ላይ እጥፍ ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

ፍጥነቱ ለምን ይቀንሳል? በጡንቻዎቻችን ውስጥ በዝግታ የሚኮማተሩና በፍጥነት የሚኮማተሩ ጭረቶች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ይበልጥ የሚሟሽሹት ፈጣኖቹ ናቸው፤ ፈንጂ መሰል ጉልበት የሚመጣው ደግሞ ከእነርሱ ነው። የተጎዳ ጡንቻን የሚጠግኑት ሕዋሳትም እንደ ወጣትነት ዘመን አይተጉም። ስለዚህ እሑድ የተደበደበ አካል እስከሚቀጥለው እሑድ ሙሉ በሙሉ ላያገግም ይችላል። አንባቢ እዚህ ላይ «ቀነኒሳ በቀለስ?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ አለን። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሲያጠናቅቅ ዕድሜው ልክ እንደ ሴያው 37 ነበር፤ ከዓለም ክብረ ወሰን የራቀውም በሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው። ነገር ግን ማራቶን በአመዛኙ የልብ፣ የሳንባና የዝግተኞቹ ጭረቶች ሥራ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በልምምድ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠበቃሉ። ከቆመበት ተወርውሮ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሰውን መጣል ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ የአንዱን ዕድሜ ለሌላው መስፈርያ ማድረግ አይቻልም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለወጣቱ የሚፈርድ ይመስላል። ማንበብን ስንጨምር ግን ሚዛኑ ይንቀሳቀሳል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዊሊያም ሂክ እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳየው፣ ሰው ምላሽ ለመስጠት የሚወስድበት ጊዜ ከፊቱ ያሉት አማራጮች በበዙ ቁጥር ይረዝማል፤ ጭማሪው ሎጋሪዝምን ይከተላል። አማራጮቹ በእጥፍ ሲያድጉ ጊዜው በተመሳሳይ መጠን ይጨምራል፤ ይህም ላልለመደ ሰው ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ሊበልጥ ይችላል። ልምድ ያለው ተከላካይ ታዲያ ዓይኑ ከወጣቱ የፈጠነ ሆኖ አይደለም። ኳሱ ከመነቃነቁ በፊት የተቃራኒውን አሰላለፍ፣ የእግር አቋቋምና የክብደት አደላደል አይቶ ከስምንቱ አማራጮች ስድስቱን አስቀድሞ ስለሚሰርዝ ነው። ቼዝና ሳይመን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የቼዝ ጨዋታ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። (የመጀመሪያው ተመራማሪ ስም ከጨዋታው ስም ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው።) ባለሙያዎች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደን የጠጠሮች አቀማመጥ በአንድ እይታ ያስታውሳሉ፤ ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ከጀማሪው ብዙም አይሻሉም። ያካበቱት ጠንካራ ማስታወስን ሳይሆን የተለመዱ ቅርጾችን ማወቅን ነው።

አሁን ሁለቱን በቁጥር እናጋጥማቸው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ወጣቱ በሴኮንድ 8 ሜትር፣ አንጋፋው 7.5 ሜትር ይሮጣሉ እንበል። አንጋፋው ግን ጨዋታውን በ0.15 ሴኮንድ ቀድሞ ያነባል። ባለ ኳሱ 10 ሜትር ርቀት ላይ ቢገኝ ወጣቱ በሩጫ 1.25፣ አንጋፋው 1.33 ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። አንጋፋው በሩጫው 0.08 ሴኮንድ ቢያጣም በንባቡ 0.15 ስላተረፈ 0.07 ሴኮንድ ቀድሞ ይደርሳል። ይህ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ ሆኖም በሴኮንድ 7 ሜትር የሚሮጥ ሰው በዚያ ጊዜ ግማሽ ሜትር ያህል ይጓዛል። የተዘረጋ ክንድ ለመድረስም ለመሳትም ግማሽ ሜትር በቂ ነው። ርቀቱ ሲጨምር ግን የአንጋፋው ብልጫ እየሳሳ ይሄዳል፤ 18 ሜትር ላይ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወጣቱ ይቀድማል። እንግዲህ «ይፈረም ወይስ አይፈረም» ከሚለው ይልቅ «የት ይሰለፍ» የሚለው ጥያቄ የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን። በመካከለኛው ጠባብ ስፍራ ያዋጣል፤ ሰፊ ሜዳ እንዲሸፍን ከታዘዘ ግን ይጋለጣል።

ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በሌላ በኩል ነው። «በ37 ዓመታቸው የሚጫወቱትን ተመልከቱ፤ ሁሉም ጥሩ ናቸው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጥሩ ያልሆኑት ግን ከሊጉ ወጥተዋል። የምናየው የተረፉትን ብቻ ስለሆነ አማካዩ ያታልላል። የሚሻለው የራሱን የተጫዋቹን የቅርብ ዓመታት መመልከት ነው። ሴያው ከ1991 እስከ 2002 ለ12 ተከታታይ ዓመታት ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ ሰው ነበር። በ2004 እና በ2005 ግን በጉዳት ምክንያት ከ32 ጨዋታዎች የተሰለፈው በ15ቱ ብቻ ነው። በእኛ ግምት ከ12ቱ የክብር ዓመታት ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ዓመታት ይበልጥ ሊመዝኑ ይገባቸው ነበር።

የቡድኑ አሰልጣኝ ቢል ቤሊቼክ ይህን አላወቀም ማለት ግን አይቻልም። በዚያ ዓመት አንጋፋው ዊሊ መክጊኔስት ቡድኑን ለቅቆ ነበር፤ ቴዲ ብሩስኪ ደግሞ በልምምድ ወቅት የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ቦታው ክፍት ነበር ማለት ነው። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ በ2006 ለአንድ ቡድን 102 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ውል የሌለው አንጋፋ ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ ደመወዝ ስለሚፈርም ከጣሪያው የሚወስደው ጥቂት ነው። ባይሳካ የሚጠፋው ትንሽ፣ ቢሳካ የሚገኘው ብዙ ነው። ዋናው ዋጋ በገንዘብ አይከፈልም፤ ከ53ቱ የቡድኑ ቦታዎች አንዱ መያዙና በዚያ ቦታ አንድ ወጣት ሳይማር መቅረቱ ነው።

ውጤቱስ? በ2006 ሴያው 11 ጨዋታ ከተሰለፈ በኋላ በኖቬምበር ክንዱ ተሰበረ። ተጠራጣሪዎቹ ትክክል መሰሉ። በ2007 ግን በ38 ዓመቱ 16ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ፤ ሦስት የተወረወሩ ኳሶችንም ነጠቀ። ቡድኑ መደበኛውን ውድድር ያለ ሽንፈት ጨረሰ፤ በፌብሩዋሪ 2008 በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግን በኒው ዮርክ ጃያንትስ 17 ለ 14 ተሸነፈ። ሴያው እስከ 2009 ተጫውቶ ያለ ዋንጫ ተሰናበተ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ብናይ ፊርማው የሚያስወቅስ አይደለም፤ እኛም ብንሆን እንፈርም ነበር።

ነገር ግን ሂሳቡ አንድ ዓምድ ጎድሎታል። የራስ ቁር የራስ ቅልን ከስብራት ይጠብቃል፤ አንጎል ግን በቅሉ ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲቆም አንጎል በጉዞው ይቀጥላል፤ ይለጠጣል፤ ይጠማዘዛል። ተጫዋቹን ራሱን የማያስቱ መለስተኛ ግጭቶች እንኳ ለዓመታት ሲደጋገሙ «ታው» የተባለው ፕሮቲን በአንጎል ውስጥ ባልተለመደ ሁኔታ እንዲከማች ሊያደርጉ ይችላሉ። በናይጄሪያ የተወለደው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ይህን በሽታ በአንድ የቀድሞ የሊጉ ተጫዋች አንጎል ውስጥ አግኝቶ ያሳተመው በ2005 ነበር፤ ከሴያው ፊርማ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ሴያው በሜይ 2012 በ43 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ቤተሰቦቹ አንጎሉ እንዲመረመር ፈቀዱ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በጃንዋሪ 2013 የዚሁ በሽታ ምልክት እንደተገኘበት አስታወቁ። በሽታው ለሞቱ ምን ያህል ምክንያት እንደነበረ ከአንድ ሰው አንጎል መወሰን አይቻልም። በ2019 ግን የቦስተን ተመራማሪዎች በ266 ሟች ተጫዋቾች አንጎል ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አንድ ተጨማሪ የጨዋታ ዓመት የበሽታውን ዕድል በ30 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ገመቱ። አንጎሎቹ በቤተሰብ ፈቃድ የተለገሱ ስለሆኑ፣ ቀደም ሲል ስለ ተረፉት ያነሣነው ጥንቃቄ እዚህም ያስፈልጋል፤ ችግር ያየ ቤተሰብ ይበልጥ ይለግሳልና። ሴያው ከፊርማው በኋላ የተጫወታቸው ወቅቶች አራት ናቸው። ዋጋቸው በ102 ሚሊዮኑ ጣሪያ ውስጥ አልተቆጠረም።