ቀጭን ክር ታላቁን ዓሣ እንዴት ይይዛል?

በበርበሬ በረንዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለ ባሕር ዓሣ ማጥመጃ ቢጽፍ «ምነው፣ ስለ በርበሬ አይጽፍምን?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። በእርግጥም ሰፈራችን በማስነጠስ እንጂ በዓሣ አይታወቅም። ነገር ግን የዚህ መሣሪያ ምስጢር የተገለጸልኝ በባሕር ዳርቻ ሳይሆን እዚሁ በገበያችን መካከል፣ በአንድ ገመድ ጫፍ ላይ ስለ ሆነ፣ ያየሁትንና የተማርሁትን በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በምን አለሽ ተራ ነው። አሮጌ ብረታ ብረት ከተከመረበት አንድ መደብ ላይ፣ ከሰው ጡጫ የሚበልጥ፣ እጀታ ያለውና ዝገት የጀመረው ከባድ ዕቃ አየሁ። ሻጩን ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «የቡና ወፍጮ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። መግዛት ባልችልም ሥዕሉን በደብተሬ ላይ ሥዬ ለፊዚክስ መምህራችን ባሳያቸው፣ በጨው ውሃ ላይ ትልልቅ ዓሣ ለማጥመድ የሚያገለግል የክር ማጠንጠኛ መሆኑን አስረዱኝ። በፈረንጆች አጠራር «ስፒኒንግ ሪል» ይባላል።

ማጠንጠኛው ከማጥመጃው ዘንግ ጋር ከእጅ መያዣው አጠገብ የሚታሰር ሲሆን፣ ሦስት ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ብዙ መቶ ሜትር ክር ማከማቸት ነው። ሁለተኛው መንጠቆው ሲወረወር ክሩን ያለ እንቅፋት መልቀቅ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ዓሣው በተያዘ ጊዜ ክሩን እየሰጡ መልሶ መሰብሰብ ነው። እነዚህን በየተራ እንመልከት።

ክሩ የሚጠመጠመው ከበሮ በሚመስል ክፍል ላይ ነው። በቀድሞዎቹ ማጠንጠኛዎች ክሩ ሲሳብ ከበሮው ራሱ ይሽከረከራል። መንጠቆው ውሃ ላይ ወድቆ ሲቆም ከበሮው ግን በግስጋሴው መዞሩን ስለሚቀጥል፣ አጥማጁ በጣቱ ካልያዘው በቀር ክሩ ይተበተባል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ካገኙት ሰዎች አንዱ፣ ብራድፎርድ በተባለችው የእንግሊዝ የሱፍ ጨርቅ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የተሠማራ አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ ነው። እርሱም በ1905 እ.ኤ.አ. ከበሮው ሳይዞር ክሩ በጫፉ በኩል እየተፈታ የሚወጣበትን ማጠንጠኛ በስሙ አስመዘገበ።

ይህን ለመረዳት ወደ እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልግም። በመርካቶ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ በኦቨርሎክ መኪናው ጀርባ የቆሙትን ሾጣጣ የክር ጥቅሎች ልብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ክሩ ከሾጣጣው አናት ወደ ላይ እየተሳበ ሲወጣ ጥቅሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መኪናው ድንገት ሲቆም ክሩም ወዲያው ይቆማል። የአዲሱ ማጠንጠኛ ሐሳብም ይኸው ነው። ክሩን ለመመለስ ግን ከበሮው ስለማይዞር፣ ሌላ ክፍል በዙሪያው እየተሽከረከረ ይጠመጥምለታል። በእጀታውና በዚህ ተሽከርካሪ ክፍል መካከል ጥርሳም መዘውሮች አሉ። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ተሽከርካሪው አምስት ጊዜ ቢዞር፣ የከበሮውም ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ዙር ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ክር ይሰበሰባል ማለት ነው።

ስለ ክሩም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በጥንት ጊዜ ክሩ ከተልባ እግር ጭረት ወይም ከሐር ይሠራ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ናይለን በአሜሪካ ከተፈለሰፈ በኋላ የናይለን ክር ቦታውን ያዘ። ከዚያም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እጅግ ጠንካራ ከሆነ የፕላስቲክ ጭረት የተጎነጎነ ክር ለዓሣ ማጥመጃ ወጣ። እያንዳንዱ ጭረት ከጠጉር የቀጠነ ሲሆን ብዙው አንድነት ሲጎነጎን ከቅጥነቱ ጋር የማይመጣጠን ኃይል ያገኛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ክር ቢያዩ ባልተደነቁም ነበር። ቀጭን በመሆኑም ከበሮው ሳይተልቅ ብዙ ክር ይይዛል። ይህ ማጠንጠኛ ከትንንሽ ዓሣ አልፎ ለቱናና እርሱን ለመሰሉ ኃይለኛ የባሕር ዓሦች ሊውል የቻለውም በአብዛኛው ከዚህ ክር የተነሣ ነው።

ነገር ግን ክሩ ምንም ያህል ቢጠነክር ብቻውን አይበቃም። ይህንን የተረዳሁት በሰፈሬ ካየሁት አንድ አደጋ ነው።

አንድ ቀን ከፎቅ ላይ ካለ መጋዘን የበርበሬ ጆንያ በገመድ ወደ ታች ይወርድ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ አንድ ተሸካሚ ጆንያው እንዳያመልጠው ብሎ ገመዱን በመዳፉ ላይ ጠመጠመው። ጆንያው በድንገት ሲወርድ ገመዱ የልጁን መዳፍ ልጦት ሄደ፤ ጆንያውም መሬት ላይ ወድቆ ፈነዳ። የበርበሬ ብናኝ በተላጠ እጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለሰፈራችን ሰው ማስረዳት አያሻም። ልጁ ለብዙ ቀን ሥራ ሳይገባ ቀረ፤ ሥራ ያልገባ ተሸካሚ ደግሞ የዕለት ገንዘብ የለውም። በማግስቱ አንድ አዛውንት ተሸካሚ ያንኑ ሥራ ሲሠሩ አየሁ። ገመዱን በብረቱ ምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ አዞሩና ጫፉን በሁለት ጣት ያህል ይዘው ጥቂት በጥቂት ለቀቁት። ጆንያው እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ ዐረፈ። «ልጄ፣ ከባድ ነገር የሚያዘው እየሰጡት ነው» አሉኝ።

የማጠንጠኛው ዋና ምስጢር ይኸው የአዛውንቱ ጥበብ ነው። በከበሮው ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ስስ ዝርግ ቀለበቶች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ በላያቸውም የሚያጠብቅና የሚያላላ ቁልፍ አለ። ይህ የማጠንጠኛው ፍሬን ነው። ዓሣው ከተወሰነው ኃይል በላይ ሲስብ ቀለበቶቹ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ከበሮው ይዞራል፤ ክሩም ሳይበጠስ ይወጣል። ዓሣው ግን በነፃ አይሄድም፤ ለእያንዳንዱ ሜትር በጉልበቱ ይከፍላል። በመጨረሻም ይደክማል።

ልምድ ያላቸው አጥማጆች ፍሬኑን የሚያስተካክሉት ክሩ ሊበጠስበት ከሚችለው ኃይል እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ነው። ለምሳሌ 45 ኪሎ በሚችል ክር ፍሬኑ ከ15 ኪሎ በላይ አይጠብቅም ማለት ነው። የቀረው 30 ኪሎ ለድንገተኛ ዝላይ፣ ለቋጠሮ ድካምና ለስሕተት የሚተው ነው። ጀማሪ ግን እንደዚያ እንደ ተጎዳው ልጅ ያለውን ሁሉ ኃይል በአንድ ጊዜ ለመያዣ ያውለዋል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁሉ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ክሩ እየወጣ ሲሄድ በከበሮው ላይ ያለው ጥቅል ይቀጥናል። ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር የነበረው ወደ 4 ቢወርድ፣ ማንም ፍሬኑን ሳይነካው ከበሮውን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ 15 ኪሎ የነበረው 30 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ዓሣው እየራቀ በሄደ ቁጥር ፍሬኑን ማላላት እንጂ ማጥበቅ አይገባም። ፈርቶ የሚያጠብቅ ሰው ዓሣውን የሚያጣው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። አንድ ዓሣ በ10 ኪሎ ኃይል 200 ሜትር ክር ቢስብ፣ በፍሬኑ ላይ 20,000 ጁል ያህል ሥራ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት በሙሉ 200 ግራም በሚመዝን አሉሚኒየም ውስጥ ቢቀር ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ይጨምረዋል። የልጁን መዳፍ የላጠው ፍትጊያም ይህንኑ ሙቀት ወልዷል። ስለዚህ በከባዶቹ ማጠንጠኛዎች ውስጥ ያሉት የፍሬን ቀለበቶች ሙቀት ከሚችል የካርቦን ጭረት ይሠራሉ።

ሦስተኛው ጠላት ጨው ነው። የባሕር ውሃ ብረትን ፈጥኖ ስለሚያዝግ፣ መሣሪያው ከማይዝግ ብረትና በልዩ ዘዴ ከተሸፈነ አሉሚኒየም ይሠራል፤ ውሃ እንዳይገባም በላስቲክ ይታሸጋል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ዕቃ ዋጋው ውድ ነው። በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ የጃፓኑ ሺማኖ ሲሆን፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው ፔዳሉ ሳይመታ ጎማው እንዲዞር የሚያደርገውን የብስክሌት ዕቃ በመሥራት ነው። ሌላው በ1932 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፊላደልፊያ የተቋቋመው ፔን ነው። ሆኖም እጅግ ግዙፍ ለሆኑት ዓሦች ዛሬም ከበሮው የሚዞረው የቀድሞው ዓይነት ይመረጣል። በ1953 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ግላሰል የተባለ አሜሪካዊ በፔሩ ባሕር 707 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ማርሊን የያዘውም በዚያው ዓይነት ነው።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ይሁንና በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ናይል ፐርች የሚባለው ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ ሲያድግ እስከ ሁለት ሜትር ሊረዝምና እስከ 200 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ስለዚህ ለማጠንጠኛው ሥራ የሚሰጥ ዓሣ በአገራችንም አለ ማለት ነው። በጫሞ ግን ዓሣው በአብዛኛው የሚጠመደው በመረብ ነው። የመረቡ ቀዳዳ ሲጠብ ገና ያልወለደው ጫጩት ስለሚያዝ፣ ይህ ዓሣ በሐይቁ ውስጥ እያነሰ መሄዱን አጥኚዎች ጽፈዋል። የዓሣ ሀብትን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ላይ ብቻ ዓሣ አያድንም። አጥማጁ ደግሞ ቤተሰብ ስላለው በአንድ መንጠቆ ይደር ማለት አይቻልም። ከማጠንጠኛው የምንማረው መረብን መተው ሳይሆን ልክን ማወቅን ነው። ዛሬ ያለውን ሁሉ አጥብቆ የያዘ ሐይቅ ለነገ ባዶ ይሆናል፤ ትንሹን የለቀቀ ግን ትልቁን ያገኛል።

ያንን አሮጌ ማጠንጠኛ ለመግዛት በሌላ ጊዜ ወደ ምን አለሽ ተራ ብመለስ ተሸጦ አገኘሁት። ልጁም እጁ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። አሁን ጆንያ ሲያወርድ ገመዱን በምሰሶው ላይ ሁለት ጊዜ አዙሮ እየሰጠ ነው።