ፎቶግራፍን ከአንድ ስፍራ በላይ ማኖር
በመስክ ጉዞ የሚነሡ ምስሎችን ስለ መጠበቅ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ከራሳችን ስሕተት የተነሣ ነው።

በደብረ ኤልያስ ወረዳ በአንዱ ቀበሌ ሰውና ከብት በጋራ የሚጠጡት አንድ ያልጎለበተ ምንጭ ነበረ። ለጥናት በወጣንበት ጊዜ አራት ቀን ሙሉ ፎቶግራፍ አነሣን፤ እንስራቸውን አዝለው ዳገቱን የሚወጡትን እናቶች፣ በጭቃው ውስጥ የቆሙትን ላሞች፣ ሥራውን በጸሎት ባርከው ያስጀመሩልንን አረጋዊ የቅኔ መምህር። ያ ሁሉ ምስል በአንዲት የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ ነበረ። ደብረ ማርቆስ ገብተን ካርዷን ከኮምፒዩተር ጋር ስናገናኛት ካርዱ እንዳልተነበበና ፎርማት መደረግ እንዳለበት የሚገልጽ መልእክት ወጣ። እኛም በችኮላ ፈቀድን፤ በዚያው ካርድም የሌላ ቀበሌ ሥራ ማንሣት ጀመርን። የአራቱ ቀን ምስሎች በዚህ ቀሩ።

በተከታዩ ክረምት የኔታ ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውና ቤተ ዘመዶቻቸው ለዐርባ ቀን መታሰቢያቸው የሚሆን አንድ ፎቶ ፈልገው ወደ እኛ መጡ፤ በዚያ ቀን ስናነሣቸው አይተው ነበርና። የምንሰጣቸው አልነበረንም። ምንጩ ዛሬ በግንብ ተጠብቆ ንጹሕ ውኃ ይሰጣል፤ ነገር ግን «ቀድሞ እንዴት ነበረ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ከቃል በቀር የምናሳየው የለንም። ምንጩን ወደ ቀድሞው መልኩ መልሰን ልናነሣው አንችልም፤ የኔታንም እንዲሁ።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ የተማርነውን ለሌሎች የመስክ ባልደረቦቻችንና ለአጥቢያ አገልጋዮች ማካፈል ይገባናል ብለን አሰብን።

ምስሉ የሚጠፋው እንዴት ነው?

ብራና ሲጎዳ ቀስ በቀስ ነው። ጠርዙን አይጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያወይበዋል፤ የተረፈው ግን ይነበባል። የዲጂታል ምስል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ነው። ካርዱ የትኛው ምስል የት እንደ ተቀመጠ የሚያሳይ ማውጫ አለው፤ ማውጫው ከተበላሸ ምስሎቹ በካርዱ ውስጥ ቢኖሩም መሣሪያው ሊያገኛቸው አይችልም።

ማውጫው ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ በእጃችን ያሉ ናቸው። ካሜራው ምስሉን ጽፎ ሳይጨርስ ካርዱን መንቀል፣ በሚጽፍበት ጊዜ ባትሪው አልቆ መጥፋቱ፣ ፍላሽን ከኮምፒዩተር በሥርዓት ሳያሰናብቱ መንቀል፣ አንዱን ካርድ በተለያዩ መሣሪያዎች እያፈራረቁ መጠቀም ይጠቀሳሉ። ከዚህ ሌላ ስልኩ ከኪስ ወድቆ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ቦርሳው በመናኸሪያ ይጠፋል። ቦታ ሲሞላብንም «ይህን ቀድቼዋለሁ» ብለን ያልቀዳነውን የምናጠፋበት ጊዜ አለ።

እነዚህን ሁሉ በጥንቃቄ መቀነስ ይቻላል፤ ፈጽሞ ማስቀረት ግን አይቻልም። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ማድረግ ነው።

የአባቶች ልማድ

ይህ አሳብ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች አዲስ አይደለም። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት የታወቀች ደብር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አብነት ትምህርት ቤቶች አንዱ የሚገኘው በዚህች ደብር ነው። ቅኔ በየበዓሉ አዲስ ሆኖ ይቀርባል፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ስለዚህ ሰሚው በቃሉ ካልያዘው ወይም ካልጻፈው መልካሙ ቅኔ ከማኅሌቱ ጋር ያልፋል። ሁለትና ሦስት ደቀ መዛሙርት ከያዙት ግን አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሰዋል።

መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ከነንብረታቸው የጠፉት መጻሕፍት ብዙ ናቸው። በሌላ ገዳም ቅጂ የነበረው መጽሐፍ ግን እንደ ገና ተገልብጦ ለእኛ ደረሰ። ቁም ጸሐፊው ከአንዱ ደብር መጽሐፍ ተውሶ ለሌላው ሲገለብጥ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ለዋናው መጽሐፍ መጠባበቂያ ማበጀቱ ነበር።

በእኛ ዘመን ይኸው ሥራ በካሜራ ተሠርቷል። በ1973 እ.ኤ.አ.፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት የሥራው ተባባሪ ነበረ። 9,000 ገደማ የሚሆኑ መጻሕፍት ተነሡ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል አንዱ ነው። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በኮሌጅቪል ሆነው የእነዚህን ፊልሞች ዝርዝር በማዘጋጀት ብዙ ዘመን ደከሙ።

ለርእሳችን የሚጠቅመን የሥራው አደረጃጀት ነው። መጽሐፉ በደብሩ ቀረ፤ ፊልሙ በአዲስ አበባ ተቀመጠ፤ ሌላው ቅጂ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ዓመት ሳይሞላ አብዮት ፈነዳ፤ ከዚያም የጦርነትና የረኀብ ዘመን መጣ። በእነዚያ ዓመታት በአገር ውስጥ በመጽሐፉ ላይ የደረሰው ማንኛውም ጉዳት በኮሌጅቪል ያለውን ፊልም ሊነካው አይችልም ነበር። ሦስቱ ቅጂዎች የተቀመጡት አንድ እሳት ወይም አንድ ሌባ በአንድ ጊዜ በማይደርስባቸው ሦስት ስፍራዎች ነበርና።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

ፒተር ክሮህ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ይህንኑ አሳብ በሦስት ቁጥሮች አጠቃልሎ አስተምሯል። ማንኛውም ምስል ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፤ ከእነርሱም አንዱ በሌላ ቦታ ይኑር።

ሦስት የሚለው ዋናውን ይጨምራል። ሁለት ዓይነት ዕቃ ማለቱ ሚሞሪ ካርድና ሃርድ ዲስክ በአንድ ምክንያት አብረው የመበላሸታቸው ዕድል ጠባብ ስለ ሆነ ነው። በሌላ ቦታ ማለቱም ግልጽ ነው፤ ካሜራውም፣ ላፕቶፑም፣ ፍላሹም በአንድ ቦርሳ ካሉ ሦስት ቅጂ ያለን ቢመስለንም በቦርሳው መጥፋት ሁሉም አብረው ይጠፋሉ።

በጉዞ ላይ እንዴት ይፈጸማል?

በከተማ ቢሮ ይህን ማድረግ ቀላል ነው። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ መብራት በሌለበት ቀበሌ አዳር ሲሆን ግን አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። እኛ አሁን የምንከተለው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

ከመነሣታችን በፊት ሁለት ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ እንይዛለን። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ፍላሽ ብቻውን ከ10,000 በላይ ምስል ይይዛል። ቪዲዮ ግን ብዙ ቦታ ስለሚወስድ ለብቻው ይታሰብ። ኦቲጂ የሚባለው ትንሽ ማገናኛ ካለ ፍላሹ በቀጥታ በስልክ ላይ ይሰካል፤ ላፕቶፕ መሸከም ግዴታ አይሆንም። የካሜራውንም ካርድ በካርድ ሪደር አማካይነት በስልክ ማንበብ ይቻላል። ፓወር ባንክም በሙሉ ኃይሉ ይያዝ።

ማታ፣ ከጸሎተ ንዋም በፊት፣ የዕለቱን ምስሎች በሁለቱም ፍላሾች ላይ እንቀዳለን። «ደክሞናል፤ ነገ እንቀዳዋለን» የሚለው አሳብ የአራት ቀን ሥራ እንዳስከፈለን አንረሳም። ከቀዳን በኋላ የፋይሎቹን ቁጥር ከዋናው ጋር እናመሳክራለን፤ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ምስል ከፍላሹ ላይ ከፍተን እናያለን። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

ጠዋት አንዱ ፍላሽ ከእኛ ጋር ይሆናል፤ ሁለተኛውን ሌላ ባልደረባ በራሱ ቦርሳ ይይዘዋል። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስ የታመነ ሰው ከተገኘም አንዱ ቀድሞን እንዲሄድ እናደርጋለን። በክረምት ሁለቱም በጥብቅ በታሰረ ላስቲክ ይጠቀለላሉ። የካሜራውን ካርድ እስከ ጉዞው ፍጻሜ አናጠፋም፤ ቢሮ ደርሰን ምስሎቹ በሃርድ ዲስክ ላይ ከተቀመጡና ከተረጋገጡ በኋላ ብቻ እናጸዳዋለን። ፍላሽ ለጉዞ እንጂ ለዘመናት ማኖሪያ አይሆንም፤ ሃርድ ዲስክም ቢሆን ያረጃልና በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ይገልበጥ።

የፎልደሩ ስምም ሊታሰብበት ይገባል። ካሜራው የሚመዘግበው የአውሮፓውያንን ቀን ነው፤ የእኛ መዝገብ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በፎልደሩ ስም ላይ ሁለቱንም ቀኖች፣ የቀበሌውንና የሥራውን ስም እንጽፋለን። ማን እንደ ሆነና የት እንደ ነበረ ያልታወቀ ምስል፣ ቢቀመጥም እንኳ፣ ግማሹ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ኢንተርኔትን በተመለከተ

ጉግል ፎቶስንና የመሳሰሉትን አገልግሎቶች መጠቀም መልካም ነው፤ በሌላ ቦታ ይኑር የተባለውን ሦስተኛ ቅጂ በቀላሉ ያሟላሉና። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል።

አንደኛ፣ ምስሉ የሚላከው መስመር ሲኖር ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችን እናስታውሳለን። በኢንተርኔት ብቻ የታመነ ሰው በዚያ ወቅት ምንም መጠባበቂያ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ስልኩና የኢንተርኔቱ ማኅደር የተሳሰሩ ከሆኑ ከአንዱ ያጠፋነው ከሌላውም ሊጠፋ ይችላል። ሦስተኛ፣ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ የሚላክ ምስል መጠኑ ይቀንሳል፤ የተነሣበትን ቀንና ቦታ የሚይዘው መረጃም ይቀራል። ጥራቱ እንዲጠበቅ «ፋይል» በሚለው አማራጭ መላክ ያስፈልጋል።

ጠፍቶ ቢገኝስ?

ካርዱ አልነበብ ቢል ወይም ምስል በስሕተት ቢጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ማቆም ነው። ብዙውን ጊዜ የጠፋው ማውጫው ነው፤ ምስሉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በስፍራው ይቆያል። ስለዚህ በካርዱ ሌላ ፎቶ ሳያነሡ፣ ፎርማት የሚል ጥያቄ ቢመጣም ሳይፈቅዱ፣ ካርዱን አውጥቶ ምስል የሚመልስ ፕሮግራም ወዳለው ባለሙያ መውሰድ ይገባል። እኛ ከፈቀድንም በኋላ እንኳ በዚያው ካርድ ሌላ ሥራ ባናነሣ ኖሮ ምናልባት አንዳንዱ ይተርፍልን ነበር።

የባለቤቱ ድርሻ

ከሁሉም በላይ የምናሳስበው ምስሉ የተነሣበት ሕዝብና ደብር ቅጂ ሊያገኝ የሚገባው መሆኑን ነው። የአረጋውያኑን ፎቶ አሳትመን ለቤተሰባቸው ብንሰጥ፣ የምንጩን ምስል ለውኃ ኮሚቴው ብናስረክብ፣ በአንድ በኩል ያከበሩንን እናከብራለን፤ በሌላ በኩል ማንም የማይወስደው አንድ መጠባበቂያ እናገኛለን። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ መስመርም ባትሪም አይፈልግም።

ቅጂ ማብዛት ግን ለማንም መበተን ማለት አይደለም። የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማንሣትና ማሰራጨት አይገባም። የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍትም በአስተዳዳሪውና በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ብቻ ይነሣሉ፤ የት እንደ ተቀመጡ የሚያሳይ ምስል ለሌባ መንገድ መሪ እንዳይሆን ቅጂውን የሚይዙት ሰዎች ተለይተው ይታወቁ።

ባለፈው ጊዜ ወደዚያው ቀበሌ በወጣን ጊዜ የየኔታን ወንበር የወረሱትን መምህር ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር አነሣናቸው። በዚያው ሌሊት ምስሉ በሁለት ፍላሽ ተቀዳ፤ በሳምንቱም ታትሞ በጉባኤ ቤታቸው ተሰቀለ። ለየኔታ ቤተሰብ ያጎደልነውን አይመልስም። ለሚመጡት ግን አላጎደልንም።